አዲስ አበባ ላይ ቤት ስትከራዩ ከደላላ ጋር እንዴት እንደምትሰሩ፦ ከፍለጋው እስከ ቁልፍ ርክክቡ

በ2012 ጀሞ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ስፈልግ አንድ ደላላ ቤት አሳየኝ፣ ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሀይ ይገባዋል፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ በጣም ወደድኩት። "እህቴ አሁኑኑ ቀብድ ካልያዝሽው ማታ የሚገባበት ሰው አለ" አለኝ፣ እኔም ሶስት ሺህ ብር በእጁ ሰጠሁት፣ ከደብተር ቀዶ "ተቀብያለሁ" ብሎ ፅፎ ፈረመልኝ። በነጋታው ቁልፍ ልቀበል ስሄድ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንዱ ፍራሹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው፣ ሁለቱም ቀብድ ከፍለዋል። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ "ልጄ እኔ ከማንም ብር አልተቀበልኩም፣ እሱንም ልጅ ቤቱን አይቶ ሰው አመጣለሁ ስላለኝ ነው የማውቀው" አሉን። የደላላው ስልክ ከዛን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።

ከዛ ወዲህ አራት ቤት ቀይሬያለሁ፣ ለወንድሜም ለስራ ባልደረቦቼም አብሬ ዞሬ ፈልጌያለሁ፣ ያየሁትን በሙሉ ነው ምፅፍላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ደላላ ቤት ያሳያል፣ ያገናኛል፣ ለዚህም ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ የቤቱን ብር ግን አይቀበልም። ቀብድም በሉት ቅድሚያ ክፍያ፣ አንድ ብርም ብትሆን ስሙ የቤቱ ማስረጃ ላይ ላለው ባለቤት ወይም ውክልና ለሰጠው ሰው ብቻ ነው የምትሄደው። ይሄን ብቻ ከያዛችሁ ከምትሰሙት የቤት ኪራይ ማጭበርበር ውስጥ አብዛኛው አያገኛችሁም።

ሁሉም ደላላ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘልኝ ሰውዬ እዛው ሰፈር መታጠፊያ ላይ ዣንጥላ ስር አመታት የተቀመጠ ነው፣ የትኛው ብሎክ ውሃ እንደሚወጣለት፣ የትኛዋ አከራይ በየስድስት ወሩ ጨምሩ እንደምትል ሁሉ ነግሮኛል፣ ስከፍለው ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። እንደሱ አይነቱን ከሌላው የምትለዩት በፊቱ ሳይሆን ስለ ብር ስትጠይቁት በሚሰጣችሁ መልስ ነው።

1. ደላላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ብራችሁን ቁጠሩ

ሰው ሁሉ የሚያስበው የወሩን ኪራይ ነው፣ የሚያጥረው ግን የመጀመሪያው ቀን ብር ነው። ለምሳሌ ቤቱ 15,000 ብር ነው እንበል። የሁለት ወር ቅድሚያ 30,000፣ የደላላ ኮሚሽን፣ አይሱዙ፣ ጫኝ አውራጅ፣ የበር ቁልፍ መቀየሪያ፣ አንዳንዴ አምፖልና ቧንቧ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ሚወጣው። ከዛ በየወሩ ደግሞ መብራት፣ ውሃ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የዘበኛና የጽዳት መዋጮ አለ። እነዚህን ሁሉ ወረቀት ላይ ፃፉና ከዛ የምትችሉት ኪራይ ስንት እንደሆነ ወስኑ፣ ለደላላው የምትነግሩት ቁጥር ከዛ ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን ምክንያቱም 12 ስትሉት 14 ነው የሚያሳያችሁ።

ሌላው መንገድ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ቤቱ ይረክሳል፣ ስራችሁ ሜክሲኮ ወይ ፒያሳ ከሆነ ግን ያተረፋችሁትን ታክሲ ይወስደዋል፣ ጉልበታችሁንም ጭምር። ቤቱን እሁድ ከሰዓት ሄዳችሁ አይታችሁ መንገዱ ባዶ ስለሆነ አትታለሉ፣ አንድ የስራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዛ ሰፈር ተገኙና እንደ ነዋሪ ተሰልፋችሁ ወደ ስራ ሂዱ። ጓደኛዬ ይሄን ሳታደርግ ገብታ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል መነሳት ሲሰለቻት በአራት ወሯ ለቀቀች።

ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት የሚነሳ መሆኑንም ጠይቁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርስ አይተናል፣ ባለቤት ምትክም ካሳም ሊያገኝ ይችላል፣ ተከራይ ግን ዕቃውን ይዞ ሌላ ቤት ፍለጋ ነው የሚገባው። አሮጌ ሰፈር ውስጥ ከሆነ የምትከራዩት ጎረቤትን፣ ባለሱቁን፣ ካስፈለገም ወረዳውን ጠይቁ።

2. ያለ ደላላ አንድ ሳምንት ሞክሩ

ይሄን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከአራቱ ቤት ሁለቱን ያገኘሁት እንደዚ ነው። ኮንዶሚኒየም ሳይት ከሆነ የምትፈልጉት ቅዳሜ ጠዋት ሂዱና ብሎኩ ስር ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ፣ የማን ባለቤት አሜሪካ እንዳለ ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ቀጥሎ ዘበኛው፣ ቀጥሎ ባለሱቁ። ስልካችሁን ትታችሁላቸው ሂዱ፣ ቤቱ ከተገኘ ደግሞ የአቅማችሁን ያህል ለቡና ስጧቸው፣ ይገባቸዋል። የስራ ቦታ፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ የዘመድ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም "ቤት እየፈለግሁ ነው" በሉ፣ ዝም አትበሉ፣ ሰው የሚለቀውን ቤት ለሚያውቀው ሰው መስጠት ይወዳል።

ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ ላይ የሚለጠፉት ቤቶች አብዛኛዎቹ የደላላ ናቸው፣ ያ ችግር የለውም። ችግሩ ፎቶው እንደ ሆቴል የሚያበራ ሆኖ ዋጋው ከሰፈሩ በግማሽ ሲያንስ ነው። "ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ለማስያዝ ትንሽ በቴሌብር ላክ፣ ከዛ እናሳይሃለን" ካለ በቃ ዝጉት። ሳታዩ አትከፍሉም።

3. ከደላላው ጋር ስትነጋገሩ መጀመሪያ ኮሚሽኑን ቁረጡ

አብዛኛው ፀብ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም "አስር ፐርሰንት ነው" ይላችኋል፣ እናንተም እሺ ትላላችሁ፣ የምኑ አስር ፐርሰንት እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም። ከላይ ባልኩት 15,000 ብር ቤት የአንድ ወር አስር ፐርሰንት 1,500 ነው፣ የከፈላችሁት የሁለት ወር ቅድሚያ አስር ፐርሰንት ከሆነ 3,000 ይሆናል፣ ውሉ የሁለት አመት ነው ብሎ በሁለት አመቱ የሚያሰላባችሁም አይጠፋም። "ከኪራዩ ግማሹን ነው የምወስደው" የሚልም አለ። ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት በቁጥር ተስማሙ፣ "ቤቱን ከተከራየሁ ቁልፍ በተቀበልኩ ቀን ይሄን ያህል ብር እከፍልሃለሁ፣ ሌላ ክፍያ የለም" ብላችሁ በፅሁፍ ላኩለት፣ "እሺ" ብሎ ይመልስ። ያቺ አንድ ሜሴጅ በኋላ ከስንት ጭቅጭቅ ታድናችኋለች።

ሌሎች ልትጠይቁት የሚገባ ነገሮች አሉ። ቤቱ በቀጥታ ያንተ ነው ወይስ ከሌላ ደላላ ነው የሰማኸው? ደላላ በደላላ ሲሆን ሶስት ሰው በር ላይ ቆሞ ሶስቱም ኮሚሽን ይጠይቃችኋል፣ "እኔ የተስማማሁት ካንተ ጋ ነው፣ ከነሱ ጋር አንተ ተካፈል" በሉት ቀድማችሁ። ባለቤቱ ሲታይ ይኖራሉ ወይ? ከባለቤቱም ኮሚሽን ትወስዳለህ ወይ? ይሄን መጠየቅ ያሳፍራል አትበሉ፣ ከሁለቱም ወገን እየወሰደ ከሆነ እናንተ ላይ ለመቀነስ ምክንያት ይሆናችኋል።

ማሳያ ተብሎ ገና ቤት ሳታዩ ሁለት መቶ ሶስት መቶ የሚጠይቅ አለ። አትክፈሉ። የትራንስፖርት ከሆነ አብራችሁ በታክሲ ስትሄዱ ሂሳቡን መክፈል ጨዋነት ነው፣ ማሳያ ብሎ ግን ቀኑን ሙሉ የማይከራይ ቤት እያሳየ በሱ ብቻ የሚኖር ሰው አለ።

አንድን ቤት በሁለት ደላላ አትዩ። ሁለተኛው ወዳያችሁት ቤት ከወሰዳችሁ በሩ ላይ "ይሄን አይቼዋለሁ" በሉትና ተመለሱ፣ አለበለዚያ ሁለቱም "እኔ ነኝ ያሳየሁት" ብለው ዕቃ የምታስገቡ ቀን ይመጣሉ። ለዚህ ብዬ እኔ ስልኬ ላይ ቀኑን፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩን፣ የደላላውን ስም እየፃፍኩ ነበር የምዞረው።

"ቶሎ ወስን፣ ሰው እየመጣ ነው" የሚለውን ደግሞ ሁሉም ነው የሚለው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ቤተሰብ ስለሚቀያየር ቤት ቶሎ ይያዛል። ቢሆንም መልሱ አንድ ነው፦ "ባለቤቱን አገናኘኝ፣ አሁኑኑ እወስናለሁ።" እውነት ከሆነ ያገናኛችኋል።

4. ቤቱን ስታዩ

ሁለት ጊዜ እዩት፣ አንዴ በቀን አንዴ በማታ። በቀን ግድግዳውንና ብርሃኑን ታያላችሁ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ሰፈሩን፤ ከስር ግሮሰሪ ካለ ሙዚቃው፣ መንገዱ ላይ መብራት መኖሩ፣ ከታክሲ ወርዳችሁ እስከ በሩ ስትሄዱ ሚሰማችሁ ስሜት። በተለይ ሴቶች ይሄን በጭራሽ አትዝለሉት።

ውሃ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ "ውሃ አለ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም "አለ" ነው መልሱ። እንደዚህ ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የትኛው ቀን? ስንት ሰዓት? እዚህ ፎቅ ላይ ይወጣል ወይ? አራተኛ ፎቅ ላይ ስኖር ውሃው የሚደርሰው ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፣ ድምፁን ሰምቼ ተነስቼ ጀሪካን እሞላለሁ፣ ጠዋት እንቅልፌን ሳልጨርስ ስራ እገባለሁ፣ ስድስት ወር እንደዛ ኖርኩ። ይሄን የሚነግራችሁ አከራዩም ደላላውም አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ደረጃው ላይ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ። ሮቶ ካለ ስንት ቤት ነው የሚጠቀመው፣ ፓምፕ አለው ወይ፣ መብራት ሲጠፋስ?

መብራት። ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ እንዴት ነው የሚካፈለው፣ በሰው ነው በክፍል? ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ከሆነ የምትከራዩት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የአከራዩ ፍሪጅ፣ ምጣድና ቦይለር ያለበት ቆጣሪ ላይ "እኩል እንካፈል" ስትባሉ እሺ እንዳትሉ። ለብቻው ከሆነ የደንበኛ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ቴሌብር ላይ ብታስገቡ ያልተከፈለ ቢል ካለ ይመጣላችኋል፣ ውሃውንም እንደዛው። የድሮ ተከራይ ዕዳ ቆጣሪው ላይ ነው የሚቀረው፣ ሊቆርጡ ሲመጡ ደግሞ የሚያገኙት እናንተን ነው።

ስለ ምጣድ ለብቻው ልንገራችሁ። እንጀራ ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ምጣድ መፈቀዱንና መስመሩ መቻሉን ቁልፍ ሳትቀበሉ አረጋግጡ። ምጣድ ብዙ ኃይል ነው የሚስበው፣ ቀጭን ገመድ የተዘረጋበት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ብዙ አከራይም ከገባችሁ በኋላ ነው "ምጣድ አይቻልም" የሚለው። ያኔ ሊጡ ቦክቶ ቁጭ ብሏል።

ከዛ ዝርዝሩን በፍጥነት፦ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፣ የሻወሩን ፍሳሽ እዩ፣ ስልክ ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱና ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፣ መስኮቶቹን ክፈቱ ዝጉ፣ ኔትወርክ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይሰራል ወይ። አዲስ ቀለም አንድ ጥግ ላይ ብቻ ካያችሁ እጃችሁን አድርጉበት፣ ከቀዘቀዘና ካራሰ እርጥበት ነው የተሸፈነው፣ የመጨረሻ ፎቅ ከሆነ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው፣ ግራውንድ ከሆነ ደግሞ የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ ተመልሶ ያውቅ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ክረምት ላይ ቤት መፈለግ ጭቃው ቢያስመርርም ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ ቤቱ ያለበትን ነገር መደበቅ አይችልም።

ከአከራይ ጋር አንድ ግቢ የምትኖሩ ከሆነ የግቢውን ህግ አሁን ጠይቁ፦ በር የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው፣ እንግዳ ያድራል ወይ፣ ልብስ የሚታጠበው የት ነው፣ ልጅ ያለው ሰው ይቀበላሉ ወይ። አንዳንዱ "ለላጤ አናከራይም" ይላል፣ ሌላው ስንት ልጅ አለሽ ብሎ ይመልሳችኋል፣ ያማል፣ ቢሆንም ከገቡ በኋላ ፊት ሲጠቁርባችሁ ከመኖር ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

5. አከራዩ ማን ነው

ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ወረቀት ነው፣ የባለቤትነት ማስረጃ (ካርታ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ሆኖ ካርታ ካልወጣለት የዕጣው ውል) እና መታወቂያ፣ ስሙ ይመሳሰል። በትህትና ነው ሚጠየቀው፣ "እትዬ፣ ውሉ ወረዳ ስለሚመዘገብ ማስረጃውን ኮፒ ባደርገው" ስትሉ ደንበኛ ባለቤት አይቆጣም። የሚቆጣ ካለ ቆም በሉ።

ባለቤቱ ውጭ ሀገር ከሆነ፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ የሚያከራየው ወንድም ወይም እህት ወይም ጎረቤት ውክልና ሊኖረው ይገባል። ውክልናውን አንብቡት፣ ዝም ብሎ "ጉዳዬን እንዲከታተል" ብቻ ሳይሆን ማከራየትና ኪራይ መቀበል የሚል በግልፅ መኖር አለበት። ከተቻለ ባለቤቱን በቪዲዮ አንዴ አናግሯቸው፣ ብዙዎቹ ራሳቸውም ቤታቸው ስንት እንደተከራየ በትክክል አያውቁም፣ በኋላ "እኔ በዚህ ዋጋ አልተስማማሁም" የሚባለው ከዚህ ነው ሚመጣው።

ሌላኛው ወጥመድ ተከራይ ራሱ አከራይ ሲሆን ነው። ሰውዬው የተከራየውን ቤት ለናንተ ጨምሮበት ያከራያል፣ የስድስት ወር ይቀበላል፣ ባለቤቱ ሲመጣ እናንተ የማታውቁት ሰው ቤት ውስጥ ነው ያላችሁት። የቀበሌ ቤትም እንደዛው፣ የመንግስት ቤት የያዘ ሰው ለሌላ ማከራየት ስለማይፈቀድለት ምንም ያህል ቢረክስ አትግቡበት።

6. ውል፣ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ

በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1320/2016 ነው፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ ስትከራከሩ "አዋጅ አለ" ከማለት "1320" ማለት ይለያል። ለተከራይ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ውሉ በፅሁፍ መሆን አለበት፣ ከሁለት አመት ማነስ የለበትም፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ህጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው፣ ጭማሪ በአመት አንዴ ብቻ ነው ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን።

አዲስ አበባ ላይ የሚመዘገበው በየወረዳው የቤቶች ፅህፈት ቤት ነው፣ አከራይና ተከራይ መታወቂያና የቤቱን ማስረጃ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። አብራችሁ ሂዱ፣ "እኔ አስመዘግበዋለሁ" ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትቅሩ፣ የተመዘገበውን የናንተን ኮፒ በእጃችሁ ያዙ።

አሁን እውነቱን እናውራ፣ ህጉ ይሄን ቢልም "የስድስት ወር ካልከፈልሽ አላከራይም" የሚል አከራይ ሞልቷል። ስትጨቃጨቁ ቤቱ ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ ይሄን አውቃለሁ። እኔ የማደርገው "እትዬ በአዋጁ ከሁለት ወር በላይ አይቻልም፣ እኔ ግን በየወሩ ቀን ሳላዛንፍ በባንክ አስገባለሁ፣ ከፈለጉ የስራ ቦታዬን ደብዳቤ ላምጣ" ብዬ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ኪራይ ሳይከፍል የሚቀመጥ ሰውን ስለሆነ ያ ሲረጋገጥላቸው ይለዝባሉ።

በጣም የምጠላው ደግሞ ሁለት ውል ነው። "ለግብር ስለሚበዛብኝ ወረዳ የሚገባው ላይ 8,000 እንፃፍ፣ አንቺ ግን 15,000 ትከፍያለሽ" ይባላል። ሰው እሺ ይላል ምክንያቱም ቤቱን ይፈልገዋል። ግን አስቡት፣ የከፈላችሁት ልዩነት በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም፣ ቅድሚያ ክፍያችሁን መልሱ ስትሉ የሚመለሰው የተፃፈው ነው፣ እናንተም የውሸት ሰነድ ላይ ፈርማችኋል። እኔ አንድ ቤት በዚህ ምክንያት ትቼ ወጥቻለሁ፣ ዛሬም አይቆጨኝም።

ውሉ ላይ እንዲገቡ የምትጠይቋቸው ነገሮች፦ የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የከፈላችሁት ቅድሚያ፣ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል፣ የዘበኛና የጽዳት መዋጮ የማን እንደሆነ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ጣሪያ ቢያፈስ ማን እንደሚያሰራ፣ ለመልቀቅ ስትፈልጉ ስንት ጊዜ ቀድማችሁ እንደምታሳውቁ፣ ዕቃ ያለበት ቤት ከሆነ የዕቃው ዝርዝር አንድ በአንድ ከነጉዳቱ ("ስቶቭ ባለ አራት፣ አንዱ አይሰራም" ተብሎ)። ደላላ ይዞት የሚመጣውን የተዘጋጀ ፎርም ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ክፍት ቦታ ያለው መስመር ካለ ሰረዝ አድርጉበት። ምስክር ይዛችሁ ሂዱ፣ ደላላው ብቻውን ምስክር አይሁን፣ አንድ የራሳችሁ ሰው ይኑር።

7. ክፍያ

በባለቤቱ ስም ባለው አካውንት ብቻ። ወኪል ከሆነ ውክልናው ኪራይ መቀበል እስከሚል ድረስ በሱ አካውንት ይቻላል፣ ያ ደግሞ ውሉ ላይ ይፃፍ። ስታስገቡ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የጥቅምትና የህዳር ቤት ኪራይ" ብላችሁ ፃፉ፣ ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ ስልክ ሊጠፋ ስለሚችል ለራሳችሁ ቴሌግራምም ላኩት። በካሽ ካልሆነ የሚሉ ካሉ፣ ህጉ በባንክ ነው የሚለው በሉ።

የደላላው ኮሚሽን የሚከፈለው በመጨረሻ ነው፦ ውል ከተፈረመ፣ ቁልፍ ከተያዘ፣ በሩ በቁልፉ ከተከፈተ በኋላ። የተስማማችሁትን ሙሉውን ክፈሉት፣ አትከራከሩት፣ ሰርቷል።

8. ዕቃ የምታስገቡ ቀን

አዲስ አበባ ላይ ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ስለ ጫኝ አውራጅ አንድ ታሪክ አለው። መኪናው ሰፈሩ ገና ሲገባ ወጣቶች ይከቡታል፣ አንድ አልጋና ሁለት ሻንጣ ለማውረድ የሚጠሩት ዋጋ ያስደነግጣል፣ "ራሳችን እናወርዳለን" ስትሉ ፀብ ይነሳል። መፍትሄው ቀድሞ መሄድ ነው። ከሁለት ሶስት ቀን በፊት እዛው ሰፈር ሄዳችሁ ማህበር ካላቸው ተወካያቸውን በስሙ ጠይቁና ያላችሁን ዕቃ ዘርዝራችሁ ነግራችሁ ዋጋ ቁረጡ፣ ስልኩን ያዙ። ዘበኛው ወይም አከራይዋ አብረዋችሁ ቢቆሙ ዋጋው ይወርዳል፣ ምክንያቱም ለሰፈሩ እንግዳ መሆናችሁ ይቀራል። በስራ ቀን ጠዋት ግቡ፣ ማታ አትግቡ፣ ሲጨልም የመደራደር አቅም የላችሁም። ብር ሳትስማሙ የመኪናውን ኋላ አትክፈቱ። ካስፈራሯችሁ ከመጋጨት ፖሊስ መጥራት ይሻላል።

ዕቃው ሳይገባ ባዶ ቤቱን በቪዲዮ ቅረፁ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ መስታወት፣ ቧንቧ፣ የተሰበረ ነገር ካለ ጠጋ ብላችሁ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱና የዛኑ ቀን ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩት፣ ቀኑ እዛው ይቀመጣል። ከዛ የበሩን ቁልፍ ቀይሩ። የድሮው ተከራይ፣ ደላላው፣ ቀለም የቀባው ልጅ፣ ማን ጋ ኮፒ እንዳለ አይታወቅም፣ ለአከራዩ ነግራችሁ ቀይሩ።

9. ከገባችሁ በኋላ

ቀናችሁን ጠብቃችሁ ክፈሉ፣ ከዚህ የሚበልጥ መከራከሪያ የላችሁም። በመሀል "ኑሮ ተወዷል፣ ጨምሩ" ከተባላችሁ አትጣሉ፣ "ውላችን እስከዚህ ቀን ነው፣ በአዋጁ መሰረት በአመቱ የሚወጣውን እከፍላለሁ" በሉ፣ በቃል ሳይሆን በፅሁፍ ቢሆን ይመረጣል። "ልጄ ሊገባበት ነው ልቀቁ" የሚለውም ሲመጣ ወዲያው ዕቃ መሸከፍ አይደለም፣ የተመዘገበ ውላችሁን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱና አመልክቱ። አንዳንዱ ደላላ ደግሞ በስድስት ወሩ ለአከራይዋ ደውሎ "ከዚህ በላይ የሚከፍል አምጥቼልዎታለሁ" ይላል፣ አዲስ ኮሚሽን ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው ከአከራያችሁ ጋር በቀጥታ መነጋገር ያለባችሁ፣ በዓል ሲመጣ ደውሉ፣ ሲታመሙ ጠይቁ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ቶሎ ንገሩ። ከደንበኛው ተከራይ ጋር የተላመደች አከራይ ለሁለት ሺህ ብር ብላ የማታውቀውን ሰው አታስገባም።

ስትለቁ ደግሞ በውሉ ላይ ባለው ጊዜ ቀድማችሁ በፅሁፍ አሳውቁ፣ የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ቢል ክፈሉና ደረሰኙን አሳዩ፣ ስትገቡ የቀረፃችሁትን ቪዲዮ አውጡና ከአከራዩ ጋር ክፍል በክፍል እያያችሁ ተረካከቡ። ያልተኖረበት ቅድሚያ ክፍያ ካለ ቁልፍ ስታስረክቡ ይግባላችሁ፣ "ነገ አስገባለሁ" ከተባለ ቀኑና መጠኑ ተፅፎ ይፈረም። ቁልፉን ለዘበኛው ትታችሁ አትሂዱ፣ ለባለቤቱ ወይም ለወኪሉ በእጅ ስጡ፣ "ቤቱን ባዶ ተረክቤያለሁ" የምትል አንድ መስመር አስፈርሙና ውሉ መቋረጡን ወረዳው ላይ አሳውቁ።